ለትንሽ የባልትና ሱቅ የትኛውን ካርትና የክፍያ ሲስተም ልያዝ?

የቱሉዲምቱ_ባልትና፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ከእናቴ ጋር ባልትና እንሠራለን፣ በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ነጭ ሽሮ፣ በሶ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ ምናምን። የጀመርነው በቴሌግራም ቻናል ነው እስካሁንም እዛው ነን፣ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ሰው በውስጥ መስመር ይጽፍልኛል፣ ዋጋ እነግረዋለሁ፣ የባንክ ቁጥር ወይ የቴሌብር ቁጥር እልካለሁ፣ ከፍሎ ስክሪንሹት ይልክልኛል፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ሞተረኛ እጠራለሁ። በሳምንት 10 ወይ 15 ኦርደር በነበረ ጊዜ ይሄ ምንም አልነበረም። አሁን ወደ 40 ደርሷል፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ደሞ ከዛም ያልፋል፣ ደብተሩ አልበቃኝም።

የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥቅል አዘዙ፣ ሦስቱም እኩል 850 ብር። አንዷ ቴሌግራም ላይ ስሟ «የእናቷ ልጅ» ነው የሚለው፣ ገንዘቡ ሲገባ ግን የሚመጣው የባሏ ስም ነው፣ ሌላው ደሞ በጓደኛው ስልክ ነው የላከው። ሦስቱም ስክሪንሹት አላቸው፣ ሞተረኛው ታች ቆሞ «እህት ልሂድ ወይስ ልቆይ» ይለኛል፣ በቃ ሦስቱንም ጭኜ ላክሁ። ማታ አካውንቱን ሳይ የገባው ሁለት 850 ብቻ ነው። የሦስተኛው ስክሪንሹት የቆየ ደረሰኝ ነው፣ ቀኑ ብቻ ተቀይሯል። ጥቅሉ ሄደ፣ የሞተሩም ሄደ። እናቴ ምንም አላለችኝም፣ ግን ያንን በርበሬ የቀነጠሰችው እሷ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣችው እሷ፣ ሌሊት ተነስታ ያመሰችው እሷ ናት፣ እሱ ነው የቆረቆረኝ።

ስለዚህ ደህና ኦንላይን ሱቅ ልክፈት ብያለሁ፣ ሰው የሚፈልገውን መርጦ ካርት ውስጥ ከቶ እዛው ከፍሎ የሚጨርስበት። የጠፋኝ እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ሾፒፋይ የሚባለው በየወሩ እየተከፈለ ኦንላይን ሱቅ የሚከፈትበት ሲስተም ነው የሚያዋጣሽ ይላል፣ የሰፈራችን ልጅ በዎርድፕረስ (ዌብሳይት መሥሪያ ነው) በዉኮሜርስ ልሥራልሽ አለኝ፣ አንዷ ጓደኛዬ የቴሌግራም ቦት ይበቃሻል ትላለች። ክፍያውንስ? ቴሌብርን ቀጥታ ላስገባ ወይስ ክፍያ በሚሰበስቡት ድርጅቶች፣ በእነ ቻፓ፣ አሪፍፔይ፣ ሳንቲምፔይ በኩል ይሻላል? ያለን ዕቃ 25 ዓይነት አካባቢ ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ቴሌብርና ንግድ ባንክ ናቸው፣ ጥቂት ኤም-ፔሳ አለ፣ ውጭ ሆነው አዲስ አበባ ላሉ እናቶቻቸው የሚያዙም አሉ። ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር አለን፣ በእናቴ ስም ነው። የሠራችሁበት ሰዎች እባካችሁ ንገሩኝ፣ ያለኝን ገንዘብ አንዴ ነው የማወጣው ብሳሳት ሁለተኛ የለኝም።

ኮደር_ከሰንዳፋ፦

እህቴ ስለ ጥቅሉ አዝኛለሁ፣ ይሄ ነገር ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። እኔ እንደ አንቺ ላሉ ሦስት ሱቆች ሠርቻለሁና የማውቀውን ልጻፍልሽ፣ ይረዝማል ታገሽኝ።

መጀመሪያ ካርቱን መርጠሽ ከዛ ክፍያ አትፈልጊ፣ ተገላቢጦሽ ነው መሆን ያለበት። ካርት ማለት ዕቃ መደመሪያ ነው፣ የትኛውም ይደምራል። ሰው የሚቸገረው መክፈሉ ላይ ነው፣ አንቺም የተቸገርሽው መከፈሉን ማወቁ ላይ ነው።

ሾፒፋይ ሲታይ ያምራል ለመጠቀምም ቀላል ነው፣ ግን በየወሩ በዶላር ነው የሚከፈለው። ብሩ በ2016 ሐምሌ 22 ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበረ፣ በጥቂት ወር ውስጥ ከ100 በላይ ገባ፣ ያኔ በዶላር ሰብስክራይብ ያደረገ ሱቅ ሁሉ ወጪው በብር እጥፍ ሆነበት። ከዛ በላይ ደሞ የሾፒፋይ የራሱ ክፍያ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም፣ ስትራይፕ የሚባለው የውጭ የክፍያ ድርጅትም በኢትዮጵያ አድራሻ አካውንት አይከፍትም። የአክስትሽ ልጅ እዛ ሆኖ የሚያየው ጥቅም ግማሹ ያ ነው፣ ለሱ እውነት ነው ላንቺ ግን አይደርስሽም፣ በሌላ የክፍያ ድርጅት ስትጠቀሚ ደሞ ሾፒፋይ በየሽያጩ ተጨማሪ ፐርሰንት ይቆርጣል።

ዉኮሜርስ ዎርድፕረስ ላይ የሚጫን ነፃ ፕለጊን (ሱቅ የሚያደርገው ተጨማሪ ፕሮግራም) ነው፣ ብር ከገንዘብ ዓይነቶቹ ውስጥ አለ፣ ሆስቲንጉን (ሳይቱ የሚቀመጥበትን ቦታ) በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ። ነፃ ነው ሲሉሽ ግን ዶሜን (የሳይቱ አድራሻ ስም)፣ ሆስቲንግ፣ በየጊዜው አፕዴት የሚያደርግ ሰው አለ፣ ያ ካልተደረገ ሳይቱ ይጠለፋል። የሰፈራችሁን ልጅ «ሠርተህ ከሰጠኸኝ በኋላ በየወሩ ማነው የሚያየው፣ ስንት ነው» ብለሽ በጽሑፍ አስቀምጪው፣ ዶሜኑም ሆስቲንጉም በእናንተ ስምና በእናንተ ኢሜይል ይመዝገብ፣ በልጁ ኢሜይል እንዳይሆን። አንድ ያወቅሁት ሱቅ ሠሪው ልጅ አገር ለቆ ሲሄድ ዶሜኑን ማደስ አቅቷቸው ስማቸውን አጥተዋል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ቴሌብርን ቀጥታ ማስገባት ይቻላል፣ ውል ትገቢያለሽ ቁልፎች ይሰጡሻል ዴቨሎፐር ያገናኘዋል፣ ግን በዛ መንገድ የሚመጣልሽ ቴሌብር ብቻ ነው። ቴሌብር ከ2013 ግንቦት ጀምሮ ስላለ እናቶቻችን ሳይቀሩ ለምደውታል፣ ኤም-ፔሳ የመጣው በ2015 ማለቂያ ላይ ነው፣ ባንኮቹ ደሞ የየራሳቸው አላቸው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ውል ስትገቢ ዓመት ያልቃል። በሳምንት 40 ኦርደር ላለው ሱቅ ብዙውን በአንድ ውል የሚሰበስብልሽ የክፍያ ጌትዌይ ይሻላል፣ ከሽያጩ ፐርሰንት ይቆርጣል፣ ያንን ዋጋሽ ውስጥ ማሰብ ነው። የምትመርጪው ድርጅት ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ከሰጣቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እይ፣ ባንኩ ዌብሳይቱ ላይ ያወጣዋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ይቺን ለሚሠራልሽ ልጅ አሳዪው። ጌትዌይ የሚሠራው እንዲህ ነው፣ ደንበኛ ክፈል ሲል ሳይትሽ ለዛ ኦርደር ብቻ የሚሆን መለያ ቁጥር ፈጥሮ ደንበኛውን ወደ ጌትዌዩ ገጽ ይልከዋል፣ እዛ ቴሌብር ይሁን ካርድ መርጦ ይከፍላል፣ ከዛ ወደ ሳይትሽ ይመለሳል። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህች መመለሷ ላይ ነው። ደንበኛው «አመሰግናለሁ» የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ ኦርደሩን ተከፍሏል ያደርጉታል። ደንበኛው ግን ከፍሎ ሳይመለስ ኔትወርክ ይቋረጥበታል፣ ወይ ስልኩ ይዘጋል። እኔ ራሴ መጀመሪያ በሠራሁት ሱቅ ይሄንን ስህተት ሠርቻለሁ፣ አንድ ሰውዬ ማታ ከፍሎ መብራት ሄደበት፣ ሳይቱ «አልተከፈለም» ብሎ ቆየ፣ ሰውየው ደግሞ ከፈለ፣ ሁለት ጊዜ። በማግስቱ ባለሱቋ ስትደውልልኝ ያለችኝን አልረሳም፣ «ሰውየው ሌባ ነው ያለኝ እኔን ነው እንጂ አንተን አይደለም» አለችኝ።

መፍትሔው ዌብሁክ ነው። ጌትዌዩ ደንበኛው ይመለስ አይመለስ ቀጥታ ለሰርቨርሽ (ሳይትሽ ላለበት ኮምፒውተር) «ይህ መለያ ተከፍሏል» ብሎ ይልካል። ሰርቨሩ ደሞ ያንን መልእክት ዝም ብሎ አያምንም፣ መልሶ ጌትዌዩን በኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም በሚነጋገርበት መንገድ) ይጠይቃል፣ መለያው ልክ ነው? መጠኑ ካርቱ ላይ ካለው ጋር እኩል ነው? ገንዘቡ ብር ነው? ሦስቱም ከገጠሙ ብቻ ተከፍሏል ይላል። መጠኑን የማያጣራ ሳይት ላይ 850 ያዘዘ ሰው 8 ብር ከፍሎ ሊወስድ ይችላል። ይሄ ሲኖር ቱሉ ዲምቱ መብራት ቢሄድ ስልክሽም ቢዘጋ ኦርደሩ ራሱ ይመዘገባል፣ የስክሪንሹት ነገርም ያበቃል።

የለገጣፎዋ_ሹራብ፦

ወንድሜ ከላይ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ላይ አልስማማም። እህቴ ሳይት ከመሥራትሽ በፊት ትንሽ ቆይ።

እኔ የሕፃናት ሹራብ ነው የምሠራው ለገጣፎ፣ ሁለት ዓመት በፊት ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ሳይት አሠራሁ፣ ካርት አለው፣ ክፍያ አለው፣ በጣም ያምራል። ስምንት ወር ሙሉ ደንበኞቼ እዛው ቴሌግራም ላይ ናቸው፣ «ሊንኩን ንኪው» ስላቸው «አንቺው ያዥልኝ ውዴ» ይሉኛል። ምክንያቱ ሲገባኝ ሁለት ነበረ። አንደኛ ፎቶዎቹን ከስልኬ እንዳለ ነው የሰቀልኳቸው፣ እያንዳንዱ 4 ሜጋ 5 ሜጋ፣ ሰው ደሞ በፓኬጅ ዳታ ነው የሚገባው፣ ገጹ ሳይከፈት ዳታው ያልቃል። ሁሉንም ወደ 150 ኪሎባይት አሳንሰን እንደገና ሰቀልናቸው፣ ከዛ ሰው መቆየት ጀመረ።

ሁለተኛው ፎርሙ ነው። ዉኮሜርስ ለሌላ አገር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ፖስታ ኮድ፣ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር ምናምን ይጠይቃል፣ እዚህ ማን የመንገድ ስም አለው? አንዲት እናት ፖስታ ኮድ የሚለው ላይ ደርሳ ትታው ወጣች፣ ደውላ «ኮድሽ ስንት ነው» ብላ ጠየቀችኝ። አሁን ያስቀረሁት አራት ነገር ብቻ ነው፣ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር ከዝርዝር የሚመረጥ፣ እና «በምን አጠገብ» የሚል። እዛች «በምን አጠገብ» ላይ ሰው «ከኮካ መጋዘኑ ፊት ለፊት ያለው ሰማያዊ በር» ብሎ ይጽፋል፣ ሞተረኛው ሳይደውል ይደርሳል። ሰፈሩ ከዝርዝር ሲመረጥ ደሞ የዴሊቨሪ ዋጋው አብሮ ይወጣል፣ አንቺ ቱሉ ዲምቱ ሆነሽ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ አንድ ዋጋ፣ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ሌላ ዋጋ ካላደረግሽ ትከስሪያለሽ።

እንደኔ ከሆነ ግን አሁን የክፍያ ሊንክ ብቻ ያዢ። ጌትዌዮቹ ካላቸው ነገር አንዱ እሱ ነው፣ ሳይት ሳይኖርሽ ከዳሽቦርዳቸው (ገብተሽ ክፍያሽን የምታይበት ገጽ) ላይ ለጥቅሉ ሊንክ ትሠሪያለሽ፣ ቴሌግራም ላይ ትለጥፊዋለሽ፣ ሰው ነክቶ ይከፍላል፣ አንቺ ዳሽቦርዱ ላይ ማን እንደከፈለ ታያለሽ። 25 ዕቃ ካለሽ በብዛት የሚሸጡትን ስድስት ሰባቱን ጥቅል አድርገሽ በዛ ጀምሪ። ሁለት ሦስት ወር አይተሽ ሰው በሊንክ መክፈል ሲለምድ ያኔ ሳይቱን ሥሪ። እኔ ሳይቱን የሠራሁት ሰው ሳይለምድ ነው፣ እሱ ነው የጎዳኝ።

ለሞተረኛው የሚከፈለውን ደሞ በሊንኩ አታስገቢ፣ ደንበኛው በጥሬ ብር ለሞተረኛው ይስጥ፣ አለዚያ ጌትዌዩ ከዴሊቨሪውም ላይ ፐርሰንት ይቆርጣል፣ ያንቺ ባልሆነ ብር ላይ ማለት ነው።

የቱሉዲምቱ_ባልትና፦

እግዜር ይስጣችሁ ሁለታችሁም፣ እንዲህ ጊዜ ሰጥቶ የሚጽፍ ሰው አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። የሰንዳፋው ወንድሜ ያልከውን ስለ ዌብሁክ ለልጁ ላክሁለት፣ «ይሄን አላሰብኩትም» አለኝ፣ ቢያንስ እውነቱን ተናገረ።

ሁለት ነገር ልጨምር። የጌትዌዩ ውል እስኪያልቅ ድረስ በመሃል በቴሌብርና በባንክ ዝም ብሎ የሚልክልኝን ሰው እንዴት ላድርግ? ሁለተኛ ውጭ ያሉት፣ ለእናቶቻቸው የሚያዙት፣ አንዷ ካርዷን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ልላክልሽ አንቺ ቁረጪ አለችኝ፣ እኔ ፈርቼ እምቢ አልኩ፣ ልክ ነኝ?

ኮደር_ከሰንዳፋ፦

በጣም ልክ ነሽ። የማንንም ካርድ ቁጥር በቴሌግራም አትቀበይ፣ ስልክሽ ቢጠፋ የሰው ገንዘብ ነው የሚጠፋው። ካርድ የሚጻፈው ጌትዌዩ ገጽ ላይ ብቻ ነው፣ አንቺጋ ቁጥሩ ፈጽሞ መድረስ የለበትም። ውሉን ስትፈርሚ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ እንዲከፈትልሽ ጠይቂ፣ ፐርሰንቱም ከአገር ውስጡ የተለየ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ያሳዩሽ። ሌላው፣ ባለካርድ ሰው በኋላ ባንኩን «እኔ አላዘዝኩም» ብሎ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል፣ ስለዚህ ለነዚህ ኦርደሮች እናትየዋ ስትቀበል ሞተረኛው ፎቶ ያንሳ ወይ ታስፈርም፣ አስቀምጪው። ፎርሙ ላይም የከፋዩና የተቀባይዋ ስልክ ለየብቻ ይሁን፣ አለዚያ ሞተረኛው ዋሽንግተን እየደወለ ነው የሚውለው።

በመሃል ላለው፣ ለእያንዳንዱ ኦርደር ቁጥር ስጪ። ደንበኛው በባንክ ሲልክ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ያንን ቁጥር ይጻፍ። የማይጽፍ ካለ ዋጋው ላይ ሳንቲም ጨምሪ፣ አንዷ 850.11፣ ሌላው 850.12፣ ሦስተኛው 850.13፣ እንግዲህ ሦስት ሰው አንድ ጠዋት ቢልክም ማን የቱን እንደላከ ሳንቲሙ ይነግርሻል፣ ስም አያስፈልግሽም። ስክሪንሹቱን ደሞ ከነጭራሹ አትይው። የምታይው የራስሽን አካውንት ነው፣ ካልገባ አልገባም፣ ሞተረኛው ታች ቢቆምም ይቁም።

ሳይቱ ሲሠራም በባንክ መላክ የሚለውን አማራጭ አታስጠፊው፣ ዉኮሜርስ ውስጥ ያለ ነው፣ በዛ ያዘዘ ሰው ኦርደሩ «በይደር» ሆኖ ይቆያል፣ ገንዘቡ መግባቱን አይተሽ አንቺ ታሳልፊዋለሽ። ሲደርስ መክፈል የሚለውን ግን ለአዲስ ደንበኛ አትክፈቺ፣ እሱ ሳይከፈል በቀጥታ ወደ ዝግጅት ነው የሚገባው፣ ቅቤና በርበሬ ደሞ ሰው አልፈልግም ብሎ ከመለሰው በኋላ መልሰሽ የምትሸጪው ዕቃ አይደለም።

የለገጣፎዋ እህታችን በሊንክ ጀምሪ ያለችውን ተቀብያለሁ፣ ልክ ናት፣ እኔ ሠሪ ስለሆንኩ ሳይቱ ላይ ቸኮልኩ።

ሒሳብ_ገላን፦

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ስለ ካርቱ ብዙ አላውቅም ግን አንድ ነገር ስላልተነሳ ነው።

በጌትዌይ ስትሸጪ ባንክሽ የሚገባው ሙሉው አይደለም። ለምሳሌ 1000 ብር ሸጠሽ 25 ብር ተቆርጦ 975 ቢገባ፣ ሽያጭሽ 1000 ነው፣ 25ቱ ወጪ ነው። ብዙ ሰው 975ቱን ሽያጭ ብሎ ይመዘግባል፣ በዓመቱ መጨረሻ ከጌትዌዩ ሪፖርት ጋር አይገጥምም፣ ግብር ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ገንዘቡም በአንድ ቀን የተሸጠው ተደምሮ በአንድ ላይ ሊገባ ይችላል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ከዳሽቦርዱ ሪፖርቱን አውርደሽ ከደብተርሽ ጋር አስተያዪ። አዎ ደብተሩን አትጣዪው። የኤሌክትሮኒክ መረጃ በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 በሕግ ፊት ይቆጠራል፣ ሪፖርቱን በስልክሽ ብቻ ሳይሆን ሌላ ቦታም አስቀምጪው።

ሌላው ንግድ ፈቃዱ በእናትሽ ስም ከሆነ የጌትዌዩ ማመልከቻም የሚገባበት ባንክ አካውንትም በእናትሽ ስም ይሁን። አንቺ ስለምትሠሪው ብለሽ የራስሽን አካውንት አትስጪ፣ ሽያጩ በሷ ፈቃድ ሆኖ ገንዘቡ አንቺጋ ከገባ ሁለታችሁም ትቸገራላችሁ። እናትሽ ኤስኤምኤስ የሚደርሳት ስልክ ላይ አንቺም እንድትኖሪ አድርጊ፣ የማረጋገጫ ኮድ በሌሊት ይመጣል።

የቱሉዲምቱ_ባልትና፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ ያላችሁትን ስላደረግሁ እንድታውቁ ብዬ ነው።

የሳንቲሙን ነገር በዛው ቀን ጀመርኩት። መጀመሪያ ሰው «13 ሳንቲም ምንድን ናት» ብሎ ይጠይቅ ነበር፣ «የኦርደርሽ ቁጥር ናት» ስላቸው ደስ አላቸው፣ አሁን ራሳቸው «የኔ ስንት ናት» ይሉኛል። ከዛ ወዲህ ሳይገባ የተላከ ጥቅል የለም። አንድ ሰው ስክሪንሹት ልኮ ሲጨቃጨቀኝ «አካውንቴ ላይ ሲገባ እልካለሁ» አልኩት፣ ጠፋ፣ በቃ አልተመለሰም።

የጌትዌዩን ማመልከቻ በእናቴ ስም አስገባን። አንዴ ተመልሶብናል፣ ምክንያቱ ንግድ ፈቃዱ ላይ የአያቴ ስም በእንግሊዝኛው በአንድ ፊደል ከባንክ አካውንቱ ይለያል፣ ባንክ ሄደን እናቴ ፈርማ ተስተካከለ፣ እና እናንተም ከማስገባታችሁ በፊት ፈቃዱን፣ ቲኑንና የባንክ ደብተሩን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል እዩ፣ እኛ በዚህ ብቻ ስምንት ቀን ሄደብን። ትናንት ሊንኩ ተከፈተ። የመጀመሪያዋን 10 ብር እናቴ ናት የከፈለችው፣ መነጽሯን አድርጋ ምንም ሳልነካላት፣ ቴሌብሯን መርጣ ፒኗን አስገብታ «ገባ ወይ?» አለች፣ ዳሽቦርዱ ላይ አሳየኋት። ዛሬ ጠዋት የምጥን ሽሮውን ሊንክ ቻናሉ ላይ ለጠፍኩ፣ እስካሁን ዘጠኝ ሰው በሱ ከፍሏል፣ ሌሎች አራት ደሞ በባንክ ነው የላኩት በሳንቲም። ሳይቱን ከፋሲካ በኋላ አየዋለሁ።

የለገጣፎዋ እህቴ፣ ፎቶዎቹን ያሳነስሽበትን አፕ ስሙን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።